ከቢሊዮን አንዱን መቁጠር፦ በጭስ ማውጫ ውስጥ የሚያልፍ ሜርኩሪ ያለማቋረጥ እንዴት ይለካል?

ባለፈው ዓመት ለሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎች የፍራንክንና የሄርትዝን ሙከራ ሳስተምር፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አንሥታ «መምህር፣ ይህ 4.9 የሚባለው ቁጥር ከፈተና በቀር የት ያገለግላል?» ስትል ጠየቀችኝ። ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን ተገቢ ነበር፤ በዕለቱ የሰጠሁት መልስም አጭርና ያልተሟላ ስለ ነበረ ሲከነክነኝ ቆይቷል። ይህ ጽሑፍ ለእርሷና እንደ እርሷ ለሚጠይቁ ሁሉ የዘገየ መልስ ነው።

በቅድሚያ ሙከራውን ለማስታወስ ያህል፣ ጄምስ ፍራንክና ጉስታቭ ሄርትዝ (የታዋቂው የሃይንሪክ ሄርትዝ የወንድም ልጅ ነው) እ.ኤ.አ. በ1914 በበርሊን ኤሌክትሮኖችን በሜርኩሪ ተን ውስጥ አሳለፉ። የኤሌክትሮኖቹ ኃይል ከ4.9 ኤሌክትሮን ቮልት በታች በሆነ ጊዜ ከአቶሞቹ ጋር ቢጋጩም ኃይላቸውን ይዘው ይነጥራሉ፤ 4.9 ሲደርስ ግን ያንኑ ያህል ኃይል በአንድ ጊዜ ለአቶሙ ያስረክባሉ። ኃይሉን የተቀበለው አቶም ወደ ቀድሞ ሁኔታው ሲመለስ የሞገድ ርዝመቱ 253.7 ናኖ ሜትር የሆነ አልትራቫዮሌት ብርሃን ይሰጣል። 1240ን ለ253.7 ያካፈለ ተማሪ 4.89 ያገኛል፤ ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ ነገር ሁለት ገጽታዎች ናቸው። ሁለቱ ሊቃውንት ለዚህ ሥራ የ1925ን የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በየቢሮው ጣሪያ ላይ ለብዙ ዓመታት ሲያበራ የኖረው የፍሎረሰንት አምፖልም የሚሠራው በዚሁ ብርሃን ነው፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ጥቂት የሜርኩሪ ተን 253.7 ናኖ ሜትሩን ያመነጫል፣ ከውስጥ የተቀባው ነጭ ዱቄት ደግሞ ያንን ወደሚታይ ብርሃን ይለውጠዋል።

አቶሙ ይህንኑ ብርሃን የሚሰጠውን ያህል ይመጥጠዋል። ይህ ጠባይ ነው እንግዲህ ዛሬ በድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫዎች፣ በቆሻሻ ማቃጠያዎችና በሲሚንቶ ፋብሪካዎች ጭስ ማውጫ ላይ ተተክሎ ቀንና ሌሊት ሜርኩሪን የሚቆጥር መሣሪያ ሆኖ የሚያገለግለው።

ሜርኩሪ ከሌሎቹ ብረቶች በምን ይለያል?

የቀድሞ ሰዎች ባዜቃ የሚሉት ሜርኩሪ በተራ የክፍል ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ የሚገኝ ብቸኛው ብረት ነው። የሚፈላውም በ357 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በድንጋይ ከሰል ውስጥ በአማካይ በአንድ ቶን 0.1 ግራም ገደማ ይገኛል፤ ይህም እንደ ማዕድኑ ቦታ በእጅጉ ይለያያል። ከሰሉ ከሺህ ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀት ሲቃጠል የሜርኩሪ ውሁዶች በሙሉ ተበታትነው ነጠላ አቶሞች ይሆናሉ። እርሳስና ካድሚየምም በእሳቱ ውስጥ ይተናሉ፤ ነገር ግን ጭሱ ሲቀዘቅዝ በአመድ ብናኝ ላይ ስለሚያርፉ ጥሩ የአቧራ ማጣሪያ አብዛኛውን ክፍል ይይዛቸዋል። ሜርኩሪ ግን ጭሱ ከማውጫው ጫፍ ሲደርስም በአብዛኛው ጋዝ እንደ ሆነ ነው፤ የአቧራ ማጣሪያውን ያልፈዋል።

ጭሱ በሚቀዘቅዝበት ጉዞ ላይ ከፊሉ ከክሎሪን ጋር ተዋሕዶ የሜርኩሪ ክሎራይድ ተን ይሆናል፤ ከፊሉ በአመድ ላይ ይጣበቃል፤ የቀረው ነጠላ አቶም እንደ ሆነ ይቆያል። ይህ ክፍፍል የኬሚስቶች ዝርዝር ብቻ አይደለም። ከክሎሪን ጋር የተዋሐደው በውኃ ስለሚሟሟ በጭስ ማጠቢያ ይያዛል፤ ካመለጠም በአካባቢው ከዝናብ ጋር ቶሎ ይወርዳል። ነጠላው አቶም ግን በውኃ አይሟሟምና ከማጠቢያው አምልጦ ለወራት በአየር ውስጥ እየተንሳፈፈ ከአህጉር ወደ አህጉር ይሻገራል። በመሆኑም የአንድ ፋብሪካ ጭስ የሚያሰጋው የጎረቤቱን መንደር ነው ወይስ የዓለምን ውቅያኖስ የሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው በዚህ ክፍፍል ውስጥ ነው።

በውኃ ውስጥ የወረደውን ሜርኩሪ ባክቴሪያዎች ሚታይል ሜርኩሪ ወደሚባል እጅግ መርዛማ ውሁድ ይለውጡታል። ይህም ከትንሹ ዓሣ ወደ ትልቁ እየተላለፈ፣ በየእርከኑ እየበዛ ሄዶ መጨረሻ ላይ ከሰው ማዕድ ይደርሳል፤ ይበልጥ የሚጎዳውም ገና በማሕፀን ያለውን ሕፃን አንጎል ነው። በጃፓን በሚናማታ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1956 በይፋ የታወቀው በሽታ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። በእርግጥ በሚናማታ መርዙ የመጣው ከጭስ ሳይሆን ከአንድ የኬሚካል ፋብሪካ ወደ ባሕር ከተለቀቀ ፍሳሽ ነበር፤ ብዙ ጽሑፎች ይህን ልዩነት ሳያነሡ ስለሚያልፉ ነው የጠቀስሁት። ዓለም አቀፉ የሜርኩሪ ስምምነት ስሙን ከዚህችው ከተማ ወስዶ በ2013 ተፈረመ፣ በ2017 በሥራ ላይ ዋለ። የስምምነቱ 8ኛ አንቀጽ በከሰል የሚሠሩ ኃይል ማመንጫዎችን፣ የከሰል ቦይለሮችን፣ የብረት ማቅለጫዎችን፣ ቆሻሻ ማቃጠያዎችንና የሲሚንቶ ክሊንከር ማምረቻዎችን ለይቶ ይጠቅሳል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2018 ባወጣው ግምት መሠረት በ2015 የሰው ልጅ ወደ አየር የለቀቀው ሜርኩሪ 2,220 ቶን ያህል ነበር። ትልቁን ድርሻ፣ 38 በመቶ ገደማውን የሚይዘው በእጅ የሚሠራው የወርቅ ማውጣት ሥራ ሲሆን፣ በቋሚ ተቋማት የሚቃጠለው ከሰል 21 በመቶ፣ ሲሚንቶ 11 በመቶ ይዘዋል።

ምን ያህል ጥቂት ነው?

አንድ መካከለኛ የከሰል ኃይል ማመንጫ እንውሰድ፤ 500 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ይሁን። በሰዓት 190 ቶን ያህል ከሰል ይፈጃል፤ በቶን 0.1 ግራም ሜርኩሪ ካለ በሰዓት 19 ግራም ይገባል ማለት ነው። የሚወጣው ጭስ ደግሞ በሰዓት 1.7 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ምንም ካልተያዘ በአንድ ሜትር ኩብ 11 ማይክሮግራም ይሆናል። ይህ ከቁጥር የማይገባ ይመስላል፤ ነገር ግን ተቋሙ በዓመት 7,000 ሰዓት ቢሠራ 133 ኪሎ ግራም ሜርኩሪ ወደ አየር ይወጣል።

አሁን ደግሞ በአቶም እንቁጠር። አንድ ማይክሮግራም ሜርኩሪ 3 ሺህ ትሪሊዮን አቶሞች አሉት። ብዙ ነው እንዳትሉ፤ በአንድ ሜትር ኩብ ጋዝ ውስጥ ያሉት ሞለኪዩሎች በመደበኛ ሁኔታ 27 ሚሊዮን ቢሊዮን ቢሊዮን ናቸው። አንዱን ለሌላው ብናካፍል በአንድ ሜትር ኩብ አንድ ማይክሮግራም ማለት ከ9 ቢሊዮን ሞለኪዩሎች መካከል አንድ የሜርኩሪ አቶም ማለት ይሆናል። ከመላው የዓለም ሕዝብ መካከል አንድን ሰው ፈልጎ እንደ ማግኘት ነው፤ ያውም ሕዝቡ በሰዓት 1.7 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ፍጥነት እየሮጠ፣ በሙቀት፣ በእንፋሎት፣ በአሲድና በአቧራ ተሸፍኖ ሳለ።

በዓመት ሁለት ጊዜ መለካት ለምን አይበቃም?

ከቀድሞ ጀምሮ የነበረው አሠራር ባለሙያዎች ወደ ጭስ ማውጫው ወጥተው፣ ከጭሱ ጥቂት ስበው ፐርማንጋኔት ባለበት አሲድ ውስጥ በማንፎልፎል ሜርኩሪውን መያዝና በቤተ ሙከራ መመርመር ነበር። ይህ ዘዴ አስተማማኝ ነው፤ ዛሬም መሣሪያዎች የሚፈተኑት በእርሱ ነው። ጉድለቱ ሌላ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት የተለካ ተቋም ከ8,000 የሥራ ሰዓት ውስጥ የታየው 4 ሰዓት ብቻ ነው። የቀሩት 7,996 ሰዓታት በግምት ይሞላሉ። ተመርማሪው የሚመረመርበትን ቀን አስቀድሞ ማወቁንም መርሳት አይገባም።

የከሰል ጭስ በአንጻራዊ ሁኔታ የተረጋጋ ነው። ቆሻሻ ማቃጠያ ግን እንዲህ አይደለም። በድሮ የሐኪም ቤት የደም ግፊት መለኪያ ውስጥ እስከ 100 ግራም የሚደርስ ሜርኩሪ ይገኛል። የዚያን ግማሽ፣ 50 ግራም ብቻ የያዘ አንድ ዕቃ ከቆሻሻው ጋር ገብቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቢተን፣ በሰዓት 100,000 ሜትር ኩብ ጭስ ከሚያወጣ ማቃጠያ የሚወጣው ጭስ በአንድ ሜትር ኩብ 1,000 ማይክሮግራም ይይዛል። ይህ በአውሮፓ ኅብረት ለዓመታት ከቆየው የ50 ማይክሮግራም ገደብ 20 እጥፍ ነው። ነገሩም በግማሽ ሰዓት አያበቃም፤ ማጠቢያውና ማጣሪያው በሜርኩሪ ስለሚሞሉ የያዙትን ለብዙ ሰዓታት መልሰው ይለቃሉ። ይህን ክስተት ማየት የሚችለው በዚያች ሰዓት የነቃ መሣሪያ ብቻ ነው። ካየው ደግሞ ሊከላከለው ይችላል፤ በብዙ ተቋማት መለኪያው ከፍ ሲል በብሮሚን የተነከረ የከሰል ዱቄት ወደ ጭሱ መርጨት እንዲጨምር ተደርጎ ይታሰራል። ለዚህ ተግባር የሚውለው መለኪያ በጭስ ማውጫው ጫፍ ሳይሆን ከማጣሪያው በፊት የተተከለው ነው፤ ከጫፉ ላይ የሚያየው ያመለጠውን ነውና።

የሲሚንቶ ፋብሪካ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የጥሬ ዕቃው ወፍጮ በሚሠራበት ጊዜ የእቶኑ ጭስ በዱቄቱ መካከል ስለሚያልፍ ዱቄቱ ሜርኩሪውን ይይዘዋል፤ ዱቄቱ ግን ተመልሶ ወደ እቶኑ ስለሚገባ ሜርኩሪው እየተዘዋወረ ይጠራቀማል። ወፍጮው ለጥገና ሲቆም የተጠራቀመው በአንድነት ይወጣል። ወፍጮው እየሠራ ሳለ የለካ ባለሙያ ፋብሪካውን ያመሰግናል፤ ወፍጮው ቆሞ የለካ ይወቅሰዋል፤ ሁለቱም የለኩት በትክክል ነው።

መሣሪያው

ሥራው በሦስት ይከፈላል፤ ጭሱን ማምጣት፣ ሜርኩሪውን በሙሉ ወደ ነጠላ አቶም መለወጥ፣ ከዚያም በብርሃን መቁጠር። አንባቢ ሦስተኛው ከባዱ እንደ ሆነ ሊገምት ይችላል። በእኔ አስተያየት ሦስተኛው ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ ችግሩ ያለው በሁለቱ ላይ ነው። ሆኖም የፊዚክስ መምህር ነኝና ከብርሃኑ ልጀምር።

አንድ አነስተኛ የሜርኩሪ አምፖል 253.7 ናኖ ሜትር ብርሃን ይሰጣል። ብርሃኑ ጭሱ በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ ያልፍና በሌላው ጫፍ ባለ ብርሃን ለኪ ላይ ያርፋል። በቱቦው ውስጥ የሜርኩሪ አቶም ካለ ከብርሃኑ ከፊሉን ይመጥጣል። በላምበርትና ቢር ሕግ መሠረት የገባው ብርሃን ለወጣው ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ሎጋሪዝም ከአቶሞቹ ብዛትና ከቱቦው ርዝመት ጋር ቀጥተኛ ተመጣጣኝ ነው። አምፖሉ ራሱ ሜርኩሪ ስለ ሆነ የሚሰጠው ብርሃን ለጭሱ ሜርኩሪ ልክ የተሠራ ቁልፍ ነው።

ይሁን እንጂ በጭሱ ውስጥ ያለው ሰልፈር ዳይኦክሳይድም በዚህ የሞገድ ርዝመት አካባቢ ብርሃን ይመጥጣል። ብዛቱም 100 ሚሊግራም ቢሆን፣ 5 ማይክሮግራም ከሆነው ሜርኩሪ 20,000 እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ የመጠጠው ማን እንደ ሆነ እንዴት ይለያል? እዚህ ላይ ፒተር ዜማን እ.ኤ.አ. በ1896 ያገኘው ክስተት ይረዳናል። አምፖሉን በኃይለኛ ማግኔት መካከል ብናስቀምጠው አንዱ የብርሃን መስመር እጅግ ተቀራርበው ወደሚገኙ ሌሎች መስመሮች ይከፈላል። ከእነዚህ አንዱ ከሜርኩሪ አቶም መምጠጫ ጋር ይገጥማል፤ ሌሎቹ በናኖ ሜትር ሺህኛ በሚቆጠር ርቀት ወደ ጎን ይሸሻሉ። ለሜርኩሪ አቶም ይህ ርቀት ትልቅ ነው፤ የሸሸውን ብርሃን አይነካውም። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ግን የሚመጥጠው በሰፊ ክልል ስለ ሆነ ልዩነቱን አያውቀውም፤ ሁለቱንም እኩል ይመጥጣል። እንግዲህ አንዱን ከሌላው ብንቀንስ ሰልፈሩ ይጠፋል፣ ሜርኩሪው ብቻ ይቀራል። አቧራም ሆነ የቆሸሸ መስታወት በዚሁ መንገድ ይቀነሳል። ይህን ሐሳብ መጀመሪያ የተረዳሁበትን ቀን አልረሳውም፤ በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ የማውቀው የዜማን ክስተት የሰልፈርን ጭስ ሲያጠፋ ማየት ደስ ያሰኛል።

ሁለተኛው ዘዴ ፍሎረሰንስ ይባላል። በዚህ ዘዴ የሚለካው የጎደለው ብርሃን ሳይሆን አቶሙ ከመጠጠ በኋላ ወደ ጎን መልሶ የሚተፋው ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ሻማ እንደ መፈለግ ስለ ሆነ እጅግ ጥቂቱን እንኳ ያያል። ነገር ግን ኦክሲጅንና ናይትሮጅን የተነሣሣውን አቶም ብርሃን ከመስጠቱ በፊት ገጭተው ኃይሉን ይነጥቁታል። ስለዚህ ሜርኩሪው በቅድሚያ በወርቅ ላይ ይያዛል፤ ወርቅና ሜርኩሪ እንደሚዋደዱ ወርቅ አውጪዎች ሁሉ ያውቃሉ። ከዚያም ወርቁ ከ500 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ሜርኩሪው ተለቅቆ በአርጎን ጋዝ ታጅቦ ወደ መለኪያው ይሄዳል። ወርቁ ሞልቶ እስኪለቅ ጥቂት ደቂቃዎች ስለሚወስድ «ያለማቋረጥ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ትንሽ የተጋነነ ነው፤ በየጥቂት ደቂቃው ማለት ይሻላል።

አሁን ወደ ከባዱ እንመለስ። ሁለቱም ዘዴዎች የሚያዩት ነጠላውን አቶም ብቻ ነው። ከክሎሪን ጋር የተዋሐደው ሜርኩሪ ለ253.7 ናኖ ሜትር ብርሃን የለም ማለት ነው። ስለዚህ ጭሱ ወደ መለኪያው ከመድረሱ በፊት 700 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሚግል ትንሽ እቶን ውስጥ አልፎ ውሁዱ መፍረስ አለበት፤ አንዳንድ መሣሪያዎች በእሳት ፈንታ የቆርቆሮ ክሎራይድ ፈሳሽ ይጠቀማሉ። የፈረሰው ሜርኩሪ ሲቀዘቅዝ አጠገቡ ካለው ክሎሪን ጋር እንደገና ለመዋሐድ ይቸኩላል። ይህን ለመከላከል መለኪያውን ከእቶኑ ጋር አጣብቆ ማስቀመጥ፣ ወይም ጭሱን አስቀድሞ በብዙ እጥፍ ንጹሕ አየር ማቅጠን ያስፈልጋል።

ከጭስ ማውጫው እስከ መሣሪያው ያለው ቱቦም ታማኝ አይደለም። የሜርኩሪ ክሎራይድ በቀዘቀዘ ቦታ ሁሉ ስለሚጣበቅ ቱቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ በ180 ዲግሪ አካባቢ መሞቅ ይኖርበታል። አንዲት ክንድ የምታህል ቦታ ብትቀዘቅዝ ሜርኩሪው እዚያ ይቀራል፤ ነገ ስትሞቅ ይለቃል፤ መሣሪያውም የትናንቱን ጭስ የዛሬ አድርጎ ይመዘግባል። በማጣሪያው ላይ የተጠራቀመ አመድ ደግሞ እንደ ከሰል ዱቄት ሆኖ ሜርኩሪውን ይመጥጣል።

ሚዛኑን የሚመዝን ሚዛን

ማንኛውም መለኪያ በታወቀ መጠን መፈተን አለበት። ለሜርኩሪ የተለመደው ዘዴ ፈሳሹን በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በተወሰነ ሙቀት አስቀምጦ በላዩ ካለው የጠገበ ተን በመርፌ መቅዳት ነው። በ20 ዲግሪ በአንድ ሜትር ኩብ ከ13 እስከ 14 ሚሊግራም ይገኛል። «ከ… እስከ» ያልሁት ስለ ዘነጋሁ አይደለም። ላቦራቶሪዎች ለዓመታት ሲጠቀሙባቸው በነበሩት ሁለት ቀመሮች መካከል 7 በመቶ ያህል ልዩነት አለ፤ ይህም በሥነ ልኬት ሊቃውንት መካከል ረጅም ክርክር አስነሥቷል። በተጨማሪም የዕቃው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢሳሳት ክምችቱ 8 በመቶ ያህል ይለወጣል። የክላውሲየስንና የክላፔይሮንን እኩልታ የተማረ ይህን ራሱ ሊያረጋግጥ ይችላል።

በውጭ አገር ለዶክትሬት ዲግሪ በምማርበት ወቅት የደረሰብኝን እዚህ ላይ ብነግራችሁ አይከፋም። አንድ ማቃጠያ ላይ የተተከለ መሣሪያ እንድከታተል ተመድቤ ነበር። በየሳምንቱ የሜርኩሪ ተን አስገብቼ እፈትነዋለሁ፤ መሣሪያው ሁልጊዜ በትክክል ይመልሳል። የጭሱ ንባብ ከ1.5 ማይክሮግራም አያልፍም ነበር፤ ለሁለት ወር ያህል እጅግ ንጹሕ ጭስ ነው እያልሁ ሪፖርት ጻፍሁ። ከዚያ በአሲድ የሚለኩት ባለሙያዎች ሲመጡ 6 ማይክሮግራም አገኙ። እኔ የእነርሱ ስሕተት ነው ብዬ ተከራከርሁ። በተቋሙ ለረጅም ዘመን የሠሩ አንድ አዛውንት ቴክኒሺያን ዝም ብለው ሲሰሙኝ ቆይተው «የመፈተኛውን ጋዝ የምታስገባው ከእቶኑ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ሲሉ ጠየቁኝ። የማስገባው በኋላ ነበር። የመሣሪያው ትንሽ እቶን ማሞቂያ ሽቦ ተበጥሶ ከሁለት ወር በፊት ቀዝቅዟል፤ የጭሱ ሜርኩሪ ሦስት አራተኛው ከክሎሪን ጋር የተዋሐደ ስለ ነበረ መሣሪያው አላየውም። እኔ ደግሞ በየሳምንቱ የፈተንሁት ደኅና የነበረውን ግማሽ ብቻ ነው። ያን ሁለት ወር ከዚያ ጭስ በታች የኖሩ ሰዎች ነበሩ።

በዚህ ምክንያት ነው ዛሬ ያሉት ደንቦች የመፈተኛው ጋዝ ከጭሱ ጋር በአንድ በር ገብቶ ማጣሪያውን፣ ቱቦውንና እቶኑን ሁሉ እንዲያልፍ፣ ከነጠላ አቶሙ በተጨማሪም የሜርኩሪ ክሎራይድ ተን እንዲሆን የሚሹት። በአውሮፓ የመለኪያ መሣሪያዎች የጥራት ደረጃ መሠረት ደግሞ አንድ መሣሪያ ሲተከል ገለልተኛ ቤተ ሙከራ ቢያንስ በሦስት ቀናት ቢያንስ 15 ጊዜ ጎን ለጎን ለክቶ ያስተያየዋል፤ ከዚያም በየዓመቱ በአጭሩ ይደገማል።

ንባቡ እንዴት ይተረጎማል?

አንድ ተቋም በጭሱ ላይ ንጹሕ አየር ቢቀላቅል የሜርኩሪው ክምችት ይቀንሳል፤ የወጣው ሜርኩሪ ግን ያው ነው። ይህን ብልሃት ለመከላከል ንባቡ ከጭሱ እርጥበት ተለይቶ ወደ አንድ የጋራ የኦክሲጅን መጠን ይመለሳል፤ ለከሰል 6 በመቶ፣ ለቆሻሻ 11 በመቶ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከ21 ላይ የጋራውን ኦክሲጅን ቀንሰን፣ ከ21 ላይ የተለካው ኦክሲጅን ተቀንሶ ለሚገኘው እናካፍለውና በንባቡ እናባዛዋለን። ለምሳሌ ያህል 14 በመቶ ኦክሲጅን ባለው የቆሻሻ ጭስ ውስጥ 8 ማይክሮግራም ቢነበብ፣ 10 ለ7 ተካፍሎ በ8 ሲባዛ 11.4 ይሆናል።

ገደቦቹ ከጊዜ ወደ ጊዜ ጠብቀዋል። ጀርመን ከሌሎች ቀድማ ያለማቋረጥ መለካትን ግዴታ ካደረጉት አንዷ ናት። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በ2005 ያወጣውን ደንብ ፍርድ ቤት በ2008 ሽሮት፣ በ2012 ሌላ ጥብቅ ደንብ ተተክቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2017 ለነባር ትልልቅ የጥቁር ከሰል ማመንጫዎች የዓመት አማካዩ ከ4 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ፣ በ2019 ደግሞ ለቆሻሻ ማቃጠያዎች የዕለት አማካዩ ከ20 እንዳይበልጥ ደረጃ አውጥቷል።

ይህ ሁሉ እኛን ይመለከታል?

ኢትዮጵያ ኤሌክትሪኳን የምታገኘው በአብዛኛው ከውኃ ነው፤ የከሰል ኃይል ማመንጫ ጉዳይ ዛሬ አያሳስበንም። ሆኖም የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን እቶናቸውን የሚያቃጥሉት በከሰል ነው፤ የክሊንከር ማምረቻ ደግሞ በሚናማታ ስምምነት ስማቸው ከተጠራው አንዱ ነው። አገራችን ስምምነቱን ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት። በአዲስ አበባ መጋቢት 2009 ዓ.ም. ከመቶ በላይ ወገኖቻችን በናዳ ካለቁበት ከቆሼ አጠገብ፣ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ የቆሻሻ ኃይል ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታሰበ ሲሆን፣ የአውሮፓን የልቀት ደረጃ እንዲያሟላ ተደርጎ መሠራቱ ተገልጿል። እንዲህ ያለ ደረጃ በወረቀት ላይ የሚኖር ሳይሆን በመሣሪያ የሚጠበቅ ነው። መሣሪያውን ደግሞ ማንም ነጋዴ ሊያስመጣው ይችላል፤ አርጎኑን በወቅቱ የሚያቀርብ፣ የተበጠሰውን ሽቦ የሚያገኝ፣ «ከእቶኑ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን በግዢ አይመጣም። በእኛ ፋኩልቲ ፍራንክንና ሄርትዝን የሚማሩ ተማሪዎች ለዚህ ሥራ ሁለት ሦስተኛውን እውቀት ይዘው እንደሚመረቁ እነርሱም፣ አንዳንድ ቀጣሪዎችም ያወቁት አይመስለኝም።

ለመልመጃ

አንድ የከሰል ኃይል ማመንጫ የተሰጠው ገደብ 4 ማይክሮግራም ነው እንበል። የመሣሪያው የዓመቱ አማካይ ንባብ 2.8 ማይክሮግራም፣ የተለካው ኦክሲጅን 9 በመቶ፣ የጋራው ኦክሲጅን 6 በመቶ ነው። ተቋሙ ገደቡን አክብሯልን? ስሌቱን ከሠራችሁ 3.5 ታገኛላችሁ፤ አክብሯል። ቀጥሎ ግን በምርመራ የሚከተለው ታወቀ። ከጭሱ ሜርኩሪ ግማሹ ከክሎሪን ጋር የተዋሐደ ሲሆን፣ የመሣሪያው እቶን አርጅቶ ከእርሱ 70 በመቶውን ብቻ ነው የሚያፈርሰው። እውነተኛው ክምችት ስንት ነበር? ተቋሙስ ገደቡን አክብሯልን? በጋራው ኦክሲጅን የሚወጣው ጭስ በሰዓት 1.7 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ የዓመቱ የሥራ ጊዜም 7,000 ሰዓት ከሆነ መሣሪያው ሳያየው ያለፈው ሜርኩሪ ስንት ኪሎ ግራም ነው?